አርባ ያደረግኋት አሥራ አንድ ደቂቃ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረውም አምኛችሁ አይደለም። ሰው የማምን ሰው አይደለሁም፤ ባጃጄን እንኳ ሁለቴ ቆልፌ ሦስቴ ዞሬ አየዋለሁ።

አዳማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ልጄ ቤዛ ስድስተኛ ክፍል፣ የክልል ፈተና የምትወስድበት ዓመት ላይ ሳለች፣ ትምህርት ቶሎ የማይገባት ሀያት የምትባል ልጅ ክፍላቸው ገባች። ስልሳ ተማሪ፣ አንዲት መምህርት። ጠረጠርኩ። መምህርቷ የኔን ልጅ ትታ ሀያትን ብቻ ነው የምታስተምረው አልኩ። አጥሩ ጥግ ባጃጄን አቁሜ፣ ስልኬን ይዤ፣ በመስኮት ሰዓት ያዝኩ። ሀያት አየችኝና እጇን አውለበለበች። «አካም ጅርቱ፣ አባባ!» ይህን የኦሮምኛ ሰላምታዋንም ጠረጠርኩ፤ ማን ልኳት ይሆን?

መምህርቷ ቆርኪ እየደረደረች ክፍልፋይን ለሀያት ደግማ ያስረዳችው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አሥራ አንድ። እኔው ነኝ የቆጠርኩት።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። «ጎበዝ! ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፤ አርባውም የሀያት ነው! የኛ ልጆች ጣሪያ ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ ቤዛማ የቆርቆሮውን ሚስማር በቃሏ ይዛዋለች!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሀያት እናት ወይዘሮ ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ አላህን ይፍሩ። በዓይንዎ ያዩትን ነው?»

«በሁለቱም!» አልኩ። ደግመው ሳቁ።

ለምን አሥራ አንድ አላልኩም? አሥራ አንድ አያስቅማ! አያስፈራማ!

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሀያት ለብቻዋ ጓሮ ወዳለው ክፍል ተዛወረች። አስተማሪ ይመደብላታል ተባለ፤ አልተመደበም። ሦስት ሳምንት እየመጣች ባዶ ክፍል ተቀመጠች፤ ከዚያ መምጣት ተወች።

አንድ ቀን ቤዛን ስመልሳት፣ «አባዬ፣ ሀያትን አስመልሳት» አለችኝ።

«ምን ልታደርግልሽ?»

«ያልገባኝን እሷ ነበረች የምትጠይቅልኝ። እኔ እኮ አፍራለሁ።»

ይህችን ደግሞ ማን መከራት ብዬ ጠረጠርኩ። የገዛ ልጄን!

በማግስቱ ግን ሀያትን ላስመልስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ቀልደኛው መጣ!» ብለው ሳቁልኝ። ምን አደረግኩ? ቀልጄ ወጣሁ።

ስልሳ ልጅ ለአንዲት መምህርት ብዙ ነው ማለቴ ጥፋት አይደለም፤ ዛሬም እላለሁ። ረዳት ይጨመርላት ብል ማን አፌን ይይዘኝ ነበር? አላልኩም። የኔ ኃጢአት የጨመርኳት ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ናት። እኔ ወለድኳት፣ እኔ አሳደግኳት፣ እኔ በሰው ልጅ ላይ ለቀቅኳት።

አሁን ሀያት እናቷ ሱቅ በር ላይ ትውላለች። እናቷ ቀና ብላ አታየኝም። ሀያት ግን ባጃጄን ገና ከሩቅ ትለየዋለች፤ «አካም ጅርቱ፣ አባባ!» እኔ ነዳጅ ሰጥቼ አመልጣለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ብትሉኝም እጠረጥራችኋለሁ። የማልጠረጥረው ያቺን ሰላምታ ብቻ ነው። ያኔም ማንም አልላካትም።