ባለ አንድ እሳትና ባለ ሁለት እሳት

ጎህ ሲቀድ ከኮረብታው ሥር ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ ውረዱ ተባልን። ግንባሩ ከኮረብታው ማዶ ነበር። እኔ ያኔ ወጣት ሴት ወታደር ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የቡድናችን ሥራ አንድ ተዋጊ ጄት ነዳጅ ሞልቶ፣ ቦምብ አንጠልጥሎ ማስነሣት ነበር።

የእኛ ጄት ከኋላው እሳት የሚተፋበት አንድ ትልቅ ክብ አፍ አለው። ዙሪያውን የብረት ቅጠሎች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አጠገባችን የሰፈረው ቡድን፣ የጎረቤቶቻችን፣ ጄት ግን ሁለት ሞተር፣ ሁለት አፍ። አንዱ ሲመታ በአንዱ ይመለሳል። በቅናት አረርኩ። አብራሪያችንን መቶ አለቃ ደረጀን ጠየቅኋቸው።

«ጌታዬ፣ ለነሱ ሁለት፣ ለእርስዎ አንድ፤ ይህ ምን ፍርድ ነው?»

«እኔስ ስንት ነፍስ አለኝ? ለአንድ ነፍስ አንድ ሞተር ይበቃል» ብለው ሳቁ።

በሜዳው ልማድ ነበረን። አውሮፕላኑ ያልተመለሰለት ቡድን ወደ ገበታ እጁን አይሰድም።

ረፋድ ላይ ሁለቱም ጄቶች ተነሡ። ወዲያው መድፍ ይወርድብን ጀመር። ምሽግ ውስጥ ተኛን። ቀትር ላይ የጎረቤቶቻችን ጄት አንደኛው አፉ ጠቁሮ፣ በሌላው እሳት እየተፋ አረፈ። እልል አሉ። የእኛ አልመጣም። በሬዲዮ ተነገረን፤ ሙቀት የሚከተል ሚሳይል ከኋላው፣ በእሳቱ በኩል አግኝቶታል።

የጎረቤቶቻችን አለቃ አምባቸው ገበታ ዘርግቶ ጠራን። «ኑ እንጂ፣ ምነው?»

«የእኛ አልተመለሰም።»

«እንግዲያው እኛም አንበላም» አለና ዳቦውን ሸፈነው።

ደግነቱ በቅናቴ ላይ ቅናት ጨመረብኝ። መብላቱም መተዉም በእጃቸው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መድፉ እንደገና ወረደብን። አምባቸው ያኔ ወደቀ።

አሁን የምኖረው በስደት፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው። የልጅ ልጄ ልያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጄት አፎችን ታወዳድራለች። በቀደም አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጄት ሥዕል አሳየችኝ።

«እማማ፣ ይዩት፣ ይሄ ፍላት ነው። ክቡ ፓወሩ ይበልጣል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ፍላቱ ግን ሂቱን፣ ሙቀቱን፣ ይደብቃል፤ ሚሳይል ቶሎ አያገኘውም።»

«ለሁሉም ይሰጣል?»

«ኖ፣ በጣም ኤክስፔንሲቭ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አልኳት።

በዚያ ቀን ከእኛ ቡድን ሦስት ሞቱ፤ መቶ አለቃ ደረጀ አራተኛ። ከጎረቤቶቻችን አምባቸውና ሁለት ወጣት ወታደሮች። ሰባት። በጠፍጣፋው አፍ የሚበር አብራሪ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መቶ አለቃዬ ያላገኙትን አግኝቷል፤ እቀናበታለሁ። ከኮረብታው ማዶ የወደቁትን ግን አልቆጠርንም። ቦምቡን ያንጠለጠልነው እኛ ነን፤ ፍርድ ካለ እነሱም መቆጠር ነበረባቸው።