የእንጉዳዩ ስኳርና አባቴ

አባቴ የተኙበት ሆስፒታል እኔ ከምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ መንገድ ማዶ ነበር። እኔ የማጠናው ከእንጉዳይ የሚወጣ ስኳር ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው ዓይነት አይደለም፤ ብዙ የስኳር ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠማዝዘው ሲቆዩ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ያውቁታል፣ ይነቃሉም። ከተፈታ ግን፣ ስኳሩ ያው ስኳር ሆኖ ሳለ፣ ዞር ብለውም አያዩት።

አባቴ እስራኤል ውስጥ ዓመታት ቢኖሩም ዕብራይስጥ ብዙም ስለማይሰሙ ሐኪሟ ስትመጣ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የጉበታቸው ካንሰር ሕክምናውን እንዳልተቀበለ፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ እንደሌለ ነገረችኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ አባቴ።

«መድኃኒቱ እምቢ ብሏል፣ አባባ።»

«መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔ?»

ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። «ያ የእንጉዳይ ነገርሽ በሽታ ተከላካዩን ይቀሰቅሳል ብለሽኝ አልነበር? ትንሽ አታመጪልኝም?» አሉ።

ከጋቢያቸው ጫፍ ሦስት ክር ይዤ ጠመዘዝኳቸው። «እንዲህ ሲሆን ይሠራል፤ ሲፈታ አይሠራም። እሱም በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ነው እንጂ በሰው አልሞከርነውም።»

«እንግዲያው ሳይፈታ አምጪልኝ» አሉ።

«ኢ ኤፍሻር» አልኳቸው ሳላስበው፣ በዕብራይስጥ። አይቻልም ማለት ነው። ይቺን እንኳ ያውቋታል፤ በየቢሮው ሲሰሟት ኖረዋል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በማግስቱ ሙከራው ተሳካ። ከስኳሩ ግማሹን ፈትቼ ግማሹን እንዳለ ትቼው ነበር፤ ያልተፈታውን ያገኙት ሴሎች ቁልጭ ብለው ነቁ። የተፈታውን መልሼ ለማጠማዘዝ ብሞክርም እንደ ቀድሞው አልሆነም። የምታማክረኝ መምህርት አቀፈችኝ፣ «ማዛል ቶቭ» ብላ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እናቴ ደግሞ ከገበያ እንጉዳይ ገዝታ፣ ቀቅላ፣ መረቁን በቴርሞስ ይዛ መጣች። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ይጎዳቸዋል?»

«አይጎዳቸውም።»

«ይጠቅማቸዋል?»

በሩን ከፈትኩላት። እሷም ገብታ በማንኪያ ታጠጣቸው ጀመር። አባቴ ደስ እንዲላት ብለው ዋጡ። «ይጣፍጣል» አሉ፤ የምላሳቸው ጣዕም ግን ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት አረፉ። ለቅሶውን ተቀምጠን ከተነሳን በኋላ ወደ ሥራ ስወጣ እናቴ እስከ ፌርማታው ሸኘችኝ።

«ያ የእንጉዳይ ሥራሽ ለሌላ ሰው እንኳ ይደርስ ይሆን?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እማ።»

ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። አውቶቡሱ መጣ፤ ገባሁ።