የባህረዲን ቀኝ ኪስ

ባህረዲን ሽጉጥ ለመግዛት የቆረጠው በተዘረፈ ማግስት አይደለም። በተዘረፈ ማግስትማ እንደ ወትሮው ስቶክሆልም ዳር፣ ሮግስቬድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችውን ኪዮስኩን ከፍቶ፣ ጋዜጣውን ደርድሮ፣ ለመጣው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ዕቃ ነው የሄደው» ሲል ዋለ። የቆረጠው ሳምንታት አልፈው የአንደኛው ዘራፊ ድምፅ ከጆሮው አልወጣ ሲለው ነው። ልጁ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ቢላዋውን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ «ፋርብሩር» ብሎ ነበር የጠራው። የዚህ አገር ልጆች ትልቅ ሰው ሲያከብሩ የሚሉት ነው፤ «ጋሼ» እንደማለት።

«ፋርብሩር፣ ይቅርታ፣ ሲጋራውን በሙሉ።»

ቢሰድበው ይሻል ነበር። የተሰደበ ሰው ቂሙን የሚያሳርፍበት ቦታ አያጣም። አክብሮ የዘረፈን ሰው ግን በምን ይይዙታል?

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ወሩ ኅዳር፣ ፀሐይ ብቅ ብላ ሳትታይ የምትመለስበት ጊዜ ነበር። ባህረዲን የሐይቅ ሰው ነው፤ በደርግ መጨረሻ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ስቶክሆልም ላይ ባቡር ጠርጎ፣ ሳህን አጥቦ፣ በመጨረሻ የሚቀመጥባት ኪዮስክ አገኘ። ሚስቱ ሙፈሪሃት የሽማግሌዎችን ቤት እየዞረች መድኃኒት ትሰጣለች፣ ገላ ታጥባለች። ይሁንና የወሎ ሰው ባህረዲንን የሚያውቀው በኪዮስኩ ሳይሆን በሽምግልናው ነው። አያቱ አበጋር ነበሩ፤ ደም የተቃቡትን ዛፍ ሥር አስቀምጠው የሚያስታርቁ። ወደዚያ ዛፍ ሲሄዱ የጫት መቁረጫ ሰንጢያቸውን እንኳ ቤት ትተው ነው። ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ዱዓ የሚያርፍ ባዶ መዳፍ ላይ ነው፤ ብረት ካለበት ይንሸራተታል» ብለውታል። ልጅ ስለነበር መዳፉን ገልብጦ አይቶ፣ ምን እንደሚንሸራተት ግራ ገብቶት ነበር።

ምክር የጠየቀው አድነውን ነው። አድነው ድሮ ወታደር፣ አሁን የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ፈረቃው ሲያልቅ ኪዮስኩ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ የማይገዛውን ጋዜጣ ያነባል። ባህረዲን መካ ረግጦ ባያውቅም «ሀጂ» የሚለው እሱ ብቻ ነው።

«ምን ዓይነት ነው የፈለግኸው?» አለው።

«ትንሽ። ኪስ የምትገባ።»

«ሀጂ፣ አንተ እኮ ምስማር ስትመታ ዓይንህን የምትጨፍን ሰው ነህ።»

«ጨፍኜም ቢሆን።»

አድነው ጋዜጣውን አጠፈ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ በሬ ለሚገዛ ዘመድ እንደሚመክር ገበሬ ነበር። «ሪቮልቨር ይሁንልህ። ካዝና ምናምን የለው፣ ነክሶ አይቀርብህ፤ ዓመት ብታስቀምጠው ያው ነው። ግን ሁሉም ለኪስ አይሆንም። ከኋላው መዶሻው ወጣ ያለ ከሆነ ስትመዘው የኪስህን ገበር ይነክሳል፤ ሌባው ቆሞ አንተ ከኮትህ ጋር ትታገላለህ። መዶሻው የተሸፈነውን ፈልግ። ደግሞ ቀላሏ ለመያዝ ትመቻለች፣ ስትተኩስ ግን አንጓህን ትገነጥለዋለች። ከባዷ ስትተኩስ ትታዘዛለች፣ ኮትህን ግን ወደ አንድ ጎን ትጎትተዋለች፤ ያየህ ሁሉ ምን እንደያዝክ ያውቃል።»

«ታዲያ የቷ ትሻላለች?»

«እሱማ የትዳር ጥያቄ ነው።»

«ስንት ትጎርሳለች?»

«ትንሿ አምስት።»

ባህረዲን በልቡ ቆጠረ። ሊዘርፉት የመጡት ሁለት ነበሩ። የቀሩት ሦስት ጥይቶች የማን እንደሆኑ ማሰብ ጀምሮ ተወው። ሰው መሣሪያ ሲመርጥ ጠላት አብሮ እንደሚመርጥ ያኔ አልታየውም፤ ወይም ታይቶት አልፎታል። ሁለቱ ብዙም አይራራቁም።

«ሻጭ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ» አለ አድነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፖሊስ ከያዘህ ግን እኔን አታውቀኝም። ይህ አገር ለዘረፉህ ልጆች አማካሪ ነው የሚቀጥር፤ ለአንተ ወህኒ ነው ያለው። ደግሞ ዝም ብለህ አትግዛ። የክብደቷን ያህል ነገር ኪስህ ከተህ ሰንብት። ኪስህ ራሱ ይመርጥልሃል።»

በከባዷ ምትክ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሞከረ። ኮቱ በቀኝ በኩል ወረደ፤ ባቡር ላይ አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ሊለቁለት ተነሡ። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮውን ወደ መደርደሪያው መልሶ ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት የመጋዘናቸውን ጓጉንቸር ፈትቶ አወጣ። አሮጌ፣ ጥቁር፣ መዳፍ የምትሞላ ብረት ናት። ኪሱ ውስጥ ገብታ ጠፋች፤ ከውጭ ሲታይ ምንም የለም፣ እሱ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኑን ስትነካው ይሰማዋል። ትንሿ ይህችን ታህል ነበር። መረጠ።

መምረጡ ካበቃ በኋላም ጓጉንቸሯን አላወጣት። መልመድ አለብኝ አለ። እጁም ለመደ። የኪዮስኩ በር ደወል ባቃጨለ ቁጥር ቀኝ እጁ ራሱ እየሄደ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ድሮ ሰውን የሚያውቀው በሚገዛው ነበር፦ ይህ ባለ ማስቲካ፣ ያቺ የዕጣ ቲኬት፣ እኒያ ጋዜጣ። አሁን መጀመሪያ የሚያየው እጃቸውን ሆነ። ጓንት ያደረገ ሁሉ አስጠላው፤ በስዊድን ክረምት ደግሞ ጓንት የማያደርግ ማን አለ?

ዶክተር ተሾመ ጋዜጣቸውን ሊገዙ የመጡ ዕለት ይህ ነገር ታወቀ። በተማሪነት መጥተው፣ ስለ አፈር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንደ ልማዳቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ባህረዲን ግራውን ሰጣቸው።

«ቀኝህን ምን ሆነህ ነው?»

«ቁርጥማት ነው፣ ዶክተር።»

«ኪስ ውስጥ ያለ ቁርጥማት!» ብለው አዩት፤ ከዚያ ጋዜጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቤትም እንዲሁ ነበር። ሴት ልጁ ሩሚሳ ራት ላይ ቀና ብላ አየችውና፣ በአማርኛ ሰምታ በስዊድንኛ የምትመልስ ልጅ ናትና፣ «ፓፓ፣ ታ ኡት ሃንደን» አለችው። እጅህን አውጣ ማለቷ ነው። ቤት ውስጥ በኮት መቀመጡን ያኔ አስተዋለ። ሙፈሪሃት ደግሞ ኮቱን ልትሰቅል ስታነሣው ክብደቱ ነገራት።

«አንተ ሰውዬ፣ የመጋዘኑ ጓጉንቸር ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ለጊዜው ነው።»

«የምድር ቤቱን በር በጨርቅ ቋጥሬ ነው የተውኩት እኮ።»

«የጠፋ ነገር አለ?»

«የለም። ሰው ጨርቅ ሲያይ ምን አለ ብሎ ይገባል?» አለችና ኮቱን ሰቀለችው። የምታውቀውን ያህል ታውቃለች፤ የቀረውን ራሱ እስኪነግራት ትጠብቃለች። ትዳራቸው የቆየው በዚህ ነው።

እንዲህ እያለ የሰፈሩ የወሎ ልጅ ኢኽላስ ወደ ኪዮስኩ መጣች። ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ ሆዷ ባንኮኒውን ይነካል። ባሏ ዓወል ቀልደኛ ነው። የኢኽላስ እናት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግመው ሲወድቁ፣ ፋርስታ ገበያ ማዕከል ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እማማ ከሚነዱ መንገዱ ቢነዳቸው ይሻላል» አለ። ወንድሟ ታሪቅ በጥፊ አጮለው። ከዚያ ወዲህ እናትየው የዓወልን ደጅ አልረግጥም ብለው ምለዋል።

«ጋሼ፣ እማዬ ሳትኖር አልወልድም» አለች።

«ምን አድርገሽ ልትይዥው?»

«ኧረ በአላህ አይቀልዱብኝ! እርስዎ ለሽምግልና ካልተቀመጡ ታሪቅ አይመጣም፣ ታሪቅ ካልመጣ እማዬ አትመጣም።»

«እሁድ» አላት። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። አድነውም የሽጉጡ ሻጭ የእሱን የመጨረሻ ቃል እሁድ እንደሚጠብቅ ነግሮታል፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋላቸው ያኔ አላሳሰበውም።

እሁድ ከሮግስቬድ ቀጥሎ ባለው ሃግሴትራ ሰፈር፣ ሉካል በሚሉት ለስብሰባ በሚከራይ ክፍል ተቀመጡ። በአንድ ወገን ታሪቅና እናቱ፣ በሌላው ዓወልና ኢኽላስ፤ ሙፈሪሃት ከኢኽላስ ጎን፣ ዶክተር ተሾመም ለምስክርነት ተጠርተዋል። ባህረዲን መሐል ተቀመጠ። ጫማ ከበሩ ሥር ተደርድሯል፤ የቴርሞሱ ሻይ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ዱዓ እናድርግ» አለ።

መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተገለበጡ። ዶክተር ተሾመም ባያውቁበትም ገለበጡ። የባህረዲን ግራ እጅ ተነሣ፤ ቀኙ አልመጣም። ሁሉም ይጠብቀዋል። ግራ መዳፉ ብቻውን አየር ላይ ቀርቶ የለማኝ እጅ መሰለው። ቀኙ ከሮግስቬድ ጀምሮ ጓጉንቸሯን ጨብጦ ነበር። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ብረቷ እንጨቱን ስትመታ ሻይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

«ጋሼ» አለ ዓወል፣ «ኪዮስኩን ቆልፈው ነው የመጡት ወይስ ፈትተውት?»

ሳቁ። ታሪቅ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ያምር ነበር፤ ብረቷ ከኪስ ወጥታለች፣ እጁ ባዶ ነው። ሁለቱንም መዳፎች አነሣ። ቃሉ ግን አልመጣለትም። ለተቀመጡት ጓጉንቸር ናት። እሱ ግን ሳምንታት ሙሉ የተሸከማት ሽጉጥ ብሎ ነው፤ ሥራ ደግሞ በኒያው፣ በልብ ውጥኑ ነው የሚለካው፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ክፍሉ ሲገባ ያደረገው ሁሉ አሁን መጣበት። የተበደሉትን ሴትዮ ፊት ከማየቱ በፊት የታሪቅን እጅ ነበር ያየው። ወንበር የመረጠውም ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ በሩ እንዲሆን ነው። አስታራቂ እንዲህ አይቀመጥም። እንዲህ የሚቀመጥ ዘበኛ ነው።

«ዛሬ እኔ አልቀመጥም» አለና ተነሣ።

ኢኽላስ ሆዷን ያዘች። «ጋሼ፣ ኧረ በአላህ!»

«ምነው ባህረዲን፣ በኛ አፍረህ ነው?» አሉ የታሪቅ እናት።

«በእናንተስ አይደለም። ኒያዬ አልጠራም።»

እንዲህ ያለን ሰው እነሱ ዘንድ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዶክተር ተሾመ ግን ግራ ቀኝ አዩ፤ ሁሉም ምትክ ፈልጎ እሳቸውን እያየ ነበር።

«እኔ? እኔ እስላም አይደለሁም። ዱዓም አላውቅም።»

«እጅዎ ባዶ ነው፣ ዶክተር። እሱ ይበቃል» አላቸው ባህረዲን።

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በሩ ቀጭን ነው፤ ዶክተር ተሾመ እንደ ክፍል ተማሪ ሲያስረዱ፣ ዓወል ሊቀልድ ጀምሮ ሲገታ፣ ከዚያ የእናትየው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲሄድ ይሰማል። ምን እንደሚሉ አይለይም። ታረቁም ተጣሉም ከውጭ ላለ ሰው ድምፁ አንድ ነው። እሱ በመውጣቱ ዕርቁ ቢቀር ኢኽላስ ምን ትሆናለች? የአያቱ ወንበር ከእጁ የወጣው እሱን የዘረፉት ልጆች ሳይነኩት ነበር፤ ራሱ ነው ያወጣው።

ስልኩ ጮኸ። አድነው ነው።

«ሀጂ፣ ሰውየው ይጠብቃል። ትንሿ ናት፣ አይደል?»

«ትንሿም ትከብዳለች።»

«ሳትይዛት?»

«ይዣታለሁ።»

«መቼ?»

«ይኸው ስንት ሳምንቴ።»

አድነው ሌላውን ጠየቀ። «ልጆቹ ቢመለሱስ?»

«ይመለሱ ይሆናል» አለ ባህረዲን። የሚያጽናና ነገር ቢፈልግም ውሸት ይሆንበት ነበር። ስልኩን ዘጋው።

በሩ ተከፍቶ ሙፈሪሃት ብቅ አለች። «ና ግባ። ዶክተር ዱዓውን ማን ይዝጋልኝ እያሉ ነው።»

«ታረቁ?»

«እናትየው ራሷ ሳቀች። መንገዱ ይንዳኝ እንጂ ምን ላድርግ፣ ከእንግዲህ ያንተን ደጅ ከነመኪናዬ ነው የምገባ አለችው። ዓወል እግሯን ስሞ አሁንም እያለቀሰ ነው። ና።»

«ጓጉንቸሯስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ዛሬ ማታ ምድር ቤቱ በር ላይ ትመለሳለች።»

ገባ። መሐሉ ወንበር ባዶ ነበር፤ እሱ ግን በሩ አጠገብ፣ ከጫማዎቹ ወዲህ ካለው ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰዎቹ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። «እርስዎ ይዝጉልን» አላቸው የታሪቅን እናት። ሴትየዋ መዳፋቸውን ገልብጠው መመረቅ ጀመሩ፤ ኢኽላስን፣ በሆዷ ያለውን፣ ያልተሳካውን መንጃ ፈቃድ ሁሉ አልተዉም። ባህረዲን ሁለቱንም እጆቹን አነሣ። ቀኙ ከግራው ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

ምርቃቱ መሐል ላይ ሳለ የበሩ እጀታ ከኋላው ተንቋቋ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ሰዎች መሆን አለባቸው። ነፋሱ አንገቱ ሥር ገባ። ጀርባው ቀዘቀዘ፤ ቀኝ እጁ ወደ ታች ሊል ፈለገ።

«አሚን» አለ ከሌሎቹ ጋር፤ አልዞረም።