በጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ያለቀው ገመድ

አባቴ ድምፁን ያጣው በጉሮሮ ቀዶ ጥገና ነው። ከወሎ ወርዶ አሰብ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ በአፉ የሚኖር ሰው ነበር፤ ደንበኛው ገና መንገዱን ሳይሻገር «አሰላሙ አለይኩም!» ብሎ ይቀበለዋል። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ግን ጓሮ ያለው ክፍል ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሱቁን እናቴና እኔ ያዝነው። ሰዎች «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ምን ደኅና! አባቴ ከበሽታው ድኖ በዝምታው እየሞተ ነበር።

ጠዋት የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊጥል ሲል ለምኜ ወሰድኳቸው። እናቴ «ለበሽተኛ ሾርባ ይመጣል እንጂ ብረት!» ብላ ተቆጣች። አንዱን አባቴ ክፍል፣ ሌላውን ሱቅ አስቀመጥኩ። በየኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ገብቶ በገመድ ከተያያዙ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ይነበባል። አባቴ የፈረንጁን ፊደል ከዕቃ ካርቶን ላይ ለምዶታል። አማርኛውን በዚያ ይጽፋል፣ እኔ ሱቅ ሆኜ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ገመዱን በግቢው ስዘረጋ አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ትርፉን ልቆርጥ ፒንሳ ሳነሣ እጄን ያዘኝና በጣቱ የጎረቤታችንን ግድግዳ አሳየኝ። ገባኝ። በሰፈራችን መብራትም ሆነ ውሃ ሲሳብ ለጎረቤት ጫፍ ሳይተርፍለት አይቆረጥም፤ ነውር ነው። ጎረቤታችን አሰብ አጠገብ ካለችው ከበይሉል የመጡ አፋር፣ የወደብ ሠራተኛ ናቸው። ከአባቴ ጋር ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲነታረኩ ነው ያረጁት። ወዳጃቸው ዝም ካለ ወዲህ ግን ደጃፋችንን ሸሽተው ነበር።

ትርፉን ከአባቴ ኮምፒውተር ቀጥዬ እዚያ ግድግዳ ላይ አንጠለጠልኩትና ሁለቱንም አበራሁ። ጭጭ! አባቴ ይጽፋል፣ ሱቅ ምንም አይደርስም። ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ተራገምኩ። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ።

በማግስቱ የቢሮአችንን ባለሙያ ጠየቅኩት። «ጫፉን ክፍት ትተሽዋል?» አለኝ። ያ ዓይነቱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ መዝጊያ ካልተደረገለት፣ የተላከው ነገር ክፍቱ ጫፍ ላይ ደርሶ እየተመለሰ ሁሉን ያደናግራል። አንዷን መዝጊያ ሱቅ በኩል አድርጌያለሁ፤ ሌላዋን ትርፍ መስላኝ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬአት ነበር።

ጎረቤት ሄጄ ስገጥማት ሰውዬው ወጡ። «ምንድን ናት?»

«የአባዬ ድምፅ ናት፣ አጎቴ። እሷ ከወለቀች አይሰማም።»

ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ወላሂ፣ ልጄ፣ የሚነካት የለም» አሉና የባሕሩ ጨው እንዳይበላት በፌስታል ጠቀለሏት።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ጓሮ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ሰላም እያሉ ሱቅ መጡ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ያ ሽማግሌ መጣ እንዴ? ወንበር እንዳትሰጪው፣ አይነሣም!» ሰውዬው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። እናቴም አለቀሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣ። ወደቡ ባዶ ሆነ፤ እኛም ወደ ወሎ የመሄድ ተራችን ደረሰ። ዕቃ ሲጫን ገመዱን ልጠቀልል ስል አባቴ እንደገና እጄን ያዘኝ።

«ተዪው» አሉ ጎረቤታችን። ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅህ ናት የነገረችኝ፤ ያቺ መዝጊያ ከወለቀች ድምፅህ አይሰማም። እኔ አልነቅላትም።» አባቴ ትከሻቸውን ሳመ።

አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ሞተ። በእኛ ዘንድ የወዳጅ መርዶ በሰው አይላክም፤ የሟች ልጅ በማለዳ ወዳጁ ደጃፍ ድረስ ሄዶ ይናገራል። ድንበሩ ግን ተዘግቷል። ስልክ ቤት ሄጄ አሰብ አልኩ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝና «እኅቴ፣ ወደዚያ መስመር የለም» አለችኝ።

ሰውዬው ቃላቸውን የሚበሉ አይደሉም። ያቺን ጫፍ ዛሬም በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋት ይሆናል፤ አባቴ መሞቱን አልነገርኳቸውም።