ደርቤ የፈተናት መኪና

ጎረቤቴ ደርቤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። የመኪናው ባለቤት ከሸጠው ወዲህ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጧል። ተቀምጧል አልኩ እንጂ ደርቤ መቀመጥ አይችልም። ጠዋት ደጄን አልፎ ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል፣ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይወርዳል። ሲያወራኝ እንኳ ቀኝ እግሩ መሬቱን ይረግጣል። ሚስቱ ሥራነሽ ምሳውን ቆሞ እንደሚበላ ነግራኛለች።

ባለፈው መጋቢት የእህል ነጋዴው አምሳሉ አስጠራው። ከአዲስ አበባ አንዲት ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና ለሽያጭ መጥታለታለች፤ ዋጋዋ እዚህ ደብረ ማርቆስ ጥሩ ቤት ይገዛል።

«ጋሽ ደርቤ፣ እርስዎ ይንዷትና ይፍረዱልኝ» አለው። «ጥሩ ናት ካሉኝ እገዛታለሁ፤ ሾፌሯም እርስዎ ነዎት።»

ደርቤ ይህን ሲነግረኝ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር፤ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳተው። ብቻውን መሄድ ስላልፈለገ አብሬው ሄድኩ።

መኪናዋ ጥቁር ናት፤ ጣሪያዋ ከደርቤ ቁመት ይበልጣል። ሻጯ ሂዊ የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ስትሆን ከፊት ተቀመጠች፤ እኔና አምሳሉ ከኋላ። ደርቤ ሞተሩ እስኪነሳ ይጠብቃል። ተነስቷል ብትለው አላመናትም፤ መስኮቱን አውርዶ ጆሮውን አወጣ። ከዚያ የግራ እግሩ በልማድ የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ሰፊውን ፍሬን ረገጠና ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን።

ወደ ሉማሜ በሚወስደው አስፋልት ላይ ግን ለመዳት። እግሩን ጥቂት ጫን ሲያደርግ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ከፊታችን የነበረውን አውቶቡስ መቼ እንዳለፍነው አላየሁም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናልፍ ደርቤ ኮፍያውን አንስቶ ዝቅ ብሎ ተሳለመ። መኪናዋ ጮኸች፤ ስክሪኗ ላይ የስኒ ሥዕል መጣ።

«እንቅልፍ የወሰደዎት መስሏት ነው፣ ጋሼ» አለች ሂዊ እየሳቀች።

«ሳታስጠምቂ ነው እንዴ ያመጣሻት?» አላት።

ስንመለስ ሂዊ ፈተናው ያለቀ መስሏት የሽያጭ ወረቀቷን አወጣች። ደርቤ ግን ባዶ መኪና ፈትኖ አያውቅም። የመኪናን ጠባይ የሚያየው ባለቤቷ የሚጭነውን ጭኖ፣ ባለቤቷ በሚሄድበት መንገድ ነው። በአምሳሉ መጋዘን በር ላይ አቁሞ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይጫን አለ። ሂዊ ወለሉ ስንት ብር የወጣበት ምንጣፍ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለች መኪና ለእህል እንዳልተሠራች ብትናገርም ላስቲክ አንጥፎ አስጫነ። ከዚያ ወደ ይጁቤ፣ አምሳሉ በየገበያው ቀን ወደሚሄድበት ነዳ።

ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደሚቀራት የሚያሳይ ቁጥር ከፊቱ አለ። ከመጋዘኑ ስንነሳ ሦስት መቶ ይል ነበር። ከይጁቤ መልስ ዳገቱን ስንይዝ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ይወርድ ጀመር። ደርቤ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ቀዝቀዝ አድርጎ ነዳ፣ ማቀዝቀዣውን አጠፋ፣ ሬዲዮኑን አጠፋ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። መኪናዋ በፈተናው ከወደቀች ሥራው አብሮ እንደሚወድቅ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መጋዘኑ በር ስንደርስ መቶ ሃያ ቀርቷል፤ የሄድነው ግን ስልሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

«እንግዲህ ፍርድዎን» አለው አምሳሉ። ደርቤ መሪውን ሳይለቅ ዞረለት።

«ይቺ ልጅ ያመጣቻት መኪና ጥሩ ናት። እንዲህ ያለች በዕድሜዬ ነድቼ አላውቅም። ላንተ ግን አትሆንም። ጭነህባት ዲማ እናትህ ዘንድ ብትሄድ አትመልስህም፤ መብራት ከጠፋማ እዚያው ትሰነብታለህ። አትግዛት።»

«ሥራውስ፣ ጋሽ ደርቤ?» አለ አምሳሉ።

«ሥራውን የሰጠኸኝ ከገዛሃት ነው። አልረሳሁትም።»

አምሳሉ አመስግኖት፣ ለሂዊም አዝናለሁ ብሏት ወደ መጋዘኑ ገባ። ሠራተኞቹ ጤፉን አወረዱ፤ እኔም ወረድኩ። ሂዊ መሪውን ልትረከብ በሾፌሩ በኩል ዞራ መጣች። ደርቤ አልወረደም። እስካረፈችበት ሆቴል እሱ ራሱ እንዲያደርሳት ለመናት፤ አየት አደረገችውና ተመልሳ ከጎኑ ተቀመጠች።

ሆቴሉ በስተግራ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ደርቤ ግን ረጅሙን መንገድ ሊዞርባት ወደ ቀኝ ታጠፈ።