የመምህር በዛብህ ጥቁር ቸርኬ

መምህር በዛብህ ጎማ ለመምረጥ የፈጀበት ጊዜ ሚስት ለመምረጥ ከፈጀበት ይበልጣል። የትምወርቅን ያያት ማክሰኞ ነው፤ እሑድ ሽማግሌ ላከ። ለነጯ ቪትዙ ጎማና ቸርኬ ሲመርጥ ግን ጥቅምት ገብቶ ወጣ፣ ኅዳርም ተከተለ፣ ጎሚስታው ጎሹ ተስፋ ቆረጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዲላ ላይ ሒሳብ ያስተማረን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሁሉ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል፤ በማግስቱ ደግሞ ተሳስቼ እንዳይሆን ብሎ ይመለሳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በዛብህ ከደብረ ታቦር ዲላ የመጣው በአስተማሪነት ተመድቦ ነው። ዘመድ ይዞ አልመጣ፣ ልጅ አልወለደ። የነበረችው የትምወርቅ ብቻ ናት፤ እሷም ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ጡረታ ከወጣ ደግሞ ይኸው ዓመቱ። ድሮ በየጠዋቱ "ቲቸር፣ ቲቸር" የሚለው ልጅ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። አሁን ደህና አደሩ የሚለው ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይዲድያ ነው፤ እሱም ፈተና ሲደርስ ይረሳዋል። ቀኑ አልመሽ ይላል። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለአንድ ራሱ የሠራት ወጥ ሁለት ቀን ትበላለች፣ በሦስተኛው ትደፋለች። ሰው ብቸኝነት ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስለዋል፤ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

ከቤቱ ሽቅብ ሦስት ቤት አልፎ ወይዘሮ ጽጌማርያም ትኖራለች። የእሷን ልጅ ብሌንን ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ያመላለሰ እሱ ነው። መጀመሪያ በብስክሌት፣ ኋላም በቪትዟ። የትምወርቅ ከኋላ ወንበር ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ ጸጉሯን እየጎነጎነችላት ነበር የሚሄዱት። እንግዲህ ያቺ ልጅ ልትዳር ነው፤ ሰርጉም ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ ተባለ።

ሰርግ ሲቃረብ መኪና ያለው ዘመድና ጎረቤት ለአጀብ ይጠየቃል። ለላዩ የመኪና ነገር ይመስላል፤ ውስጡ ሌላ ነው። ተጠየቅህ ማለት የቤቱ ሰው ነህ ማለት ነው። ጽጌማርያም ገና በመስከረም መንገዱን ቤት ለቤት ዞረችው፤ ባለባጃጁን እንኳ አልዘለለችም። የበዛብህን በር ግን አለፈችው። የጥሪውን ካርድ በይዲድያ እጅ ላከችለት እንጂ እሷ አልገባችም። ካርድማ ለማንም ይላካል።

ሄዶ "እኔንስ?" ቢላት ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ሳይጠሩት አቤት ማለት ለእሱ ሞት ነው። አሰበ፣ አሰበና ወጥቶ መኪናዋን ዞሮ አያት። የብረት ቸርኬዋ ዝጓል። አራቱ ጎማ የአራት አገር ነው፤ የኋለኛው ቀኝማ ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሆኗል። "በዚህ እግር ማን ለሰርግ ይጠራታል" አለ። እንዲያውም ቀለል አለው። የጎማ ጉዳይ ከሆነ መድኃኒት አለው።

እንዲህ ነው ጎሹ ዘንድ የተመላለሰው። የጎሹ ቤት ወደ ይርጋጨፌ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። የድሮ ተማሪው ነው፤ በሒሳብ ሁለት ጊዜ ጥሎታል፣ ቂም ግን የለውም። መጀመሪያ ያሳየው አንድ የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ አውልቆ የሸጠውን አሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ ነው፤ ፊትህን ታይበታለህ፣ ጎማው ግን ስስ።

"ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለው ጎሹ። "ይሄ የአስፋልት ነው። የገጠሩን መንገድ ይዘው ባንኮ ጎቲቲ ድረስ ቢነዱት አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል፣ ይጣመማል። መሪ ሲጠመዝዙ ደግሞ ፓራፋንጎውን ይፍቃል።"

በዛብህ ደብተሩን አወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስፋቱን ከቁመቱ አባዛ። በመጨረሻ አሥራ አራት ኢንች ሆኖ ጎማው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱ ከድሮው በሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ የሚያንስ አገኘና "ፍጥነት መለኪያው አይዋሽም" ብሎ እፎይ አለ። ጎሹም አብሮት እፎይ አለ።

የቀረው ቀለም ነው። ከሐዋሳ የሚመጣው ቸርኬ ብርማም ጥቁርም አለው። በዛብህ ቀለም የሚባል ነገር በሒሳብ ስለማይሠራ ይዲድያን ጠየቀው። ልጁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሰፈሩን አያውቅ፣ ስልኩን ብቻ ነው የሚያውቀው።

"ጋሼ፣ ጥቁር ነው እንጂ! ነጭ ቪትዝ በጥቁር ቸርኬ አሁን እሱ ነው ፋሽኑ። ብርማውማ የሽማግሌ ነው" አለ።

የሽማግሌ መባሉ በዛብህን ነካው። ሐሙስ ዕለት ያችኑ የዘወትር ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሄደና "ጥቁሩ ይሁን" አለ።

ጎሹ ቀና ብሎ ኮቱን አየ፣ ፊቱን አየ። "ገባኝ ቲቸር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። እንደ ልማዱ ሳይቀልድ ክሪኩን አስገባ፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ጎማውን ባላንስ አድርጎ አንድ በአንድ አሰረ። በዛብህ የእጁን ዋጋ ሊሰጠው ሲል "አልቀበልም፤ በዚህስ አልቀበልም" ብሎ እጁን ሰበሰበ። በዛብህ ጎሹ ምርጫዬን አከበረ ብሎ ደስ አለው። ሲመለስ ሆን ብሎ በጽጌማርያም ደጅ ቀስ ብሎ ነዳ። ለሰርጉ በርበሬ የሚቀነጥሱት ሴቶች ወሬያቸውን ቀጥ አደረጉ፤ አንዷም እጇን አገጯ ላይ ጣለች። አየሽ፣ አማረች ማለት ነው፣ አለ ለየትምወርቅ በልቡ። ከዚያ ጥሪውን ጠበቀ። የገና ሳምንት አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ።

በሰርጉ ጠዋት መኪናዋን አጠበ። ቸርኬውን በጨርቅ ወለወለ፣ ወደ መንገዱ አዙሮ ከበሩ ጎን አቆማት። በመጨረሻ ሰዓት መኪና ይጎድልና ይጠሩኛል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ሰው መቼም ተስፋ አያጣም። ረፋዱ ላይ ጽጌማርያም የሰርግ ቀሚሷን እንደለበሰች ራሷ መጣች። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"ጋሽ በዛብህ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው" አለችው። "ዛሬ በደጅዎ ሲያልፉ ክላክስ እንዳያሰሙ ሾፌሮቹን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። እንዳይቀየሙን።"

"ለምን?" አላት።

"ምን ለምን አለው፣ ሐዘንዎን እናውቅ የለም እንዴ። ከል ለብሶ ያለን ሰው ለአጀብ ውጣ ማለት ድፍረት ሆነብኝ፤ ለዚህ ነው የዘለልኩዎት። ጎሹም ነግሮናል። ስንት ወር ተመላልሰው ጥቁሩን መረጡ። መኪናዋን ሳይቀር ከል አለበሷት። የዚያን ቀን በርበሬውን ትተን ስናለቅስ ዋልን። የትምወርቅ ታድላለች፤ እንዲህ የሚያዝን ባል ማን አለው?"

በዛብህ ወደ ኮቱ አየ። ከል በራስ እጅ አይወልቅም፤ ወንድም ወይ እህት ልብስ ገዝቶ ይመጣና "ይበቃሃል" ብሎ ያስወልቃል። በሙት ዓመቷ ቀን ጠብቆ ነበር። ወንድም የለው፣ እህት የለው። ሰፈርተኛው ደግሞ ዘመዶቹ ከአገር ቤት መጥተው ያስወልቁታል ብሎ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ጊዜው ሲሄድ እሱም ከል መሆኑን ረሳው፤ ኮቴ ይለው ጀመር።

"ኧረ ለብሌን ሰርግ ብዬ ነው" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። ጽጌማርያም ግን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ቢናገር የትምወርቅ ባል ፋሽን ሲመርጥ ከረመ ሊባል ነው፤ ለእሷ የፈሰሰው ያ ሁሉ እንባ ሊመለስ ነው። የሰጧትን ክብር በገዛ እጁ ሊነጥቃት አልሆነለትም።

"እግዜር ያክብርሽ" አላት። "ሰርጉ የሰመረ ይሁን።"

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ ሆታው ቀለጠ፣ ክላክሱ ጆሮ ያደነቁራል። በዛብህ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። የመጀመሪያው መኪና አጥሩ ጋ ሲደርስ ክላክሱ ጠፋ። ከኋላ ያለውም ጠፋ፣ የመጨረሻውም። ሚዜዎቹ ጭብጨባቸውን አቆሙ። አሥራ አንድ መኪና በሙሉ እያዘገመ፣ የጎማው ድምፅ ብቻ ጠጠሩ ላይ እየተሰማ በፊቱ አለፈ።

ብሌን መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ነበር። እየሳቀች ነበር የምትመጣው፤ እሱን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳችው። እንደዚያን ቀን ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ የትምወርቅ በተቀበረችበት ቀን እንኳ።

እሱም ኮቱን ቆልፎ እጅ ነሳት። መኪኖቹ ማዞሪያውን እንደታጠፉ ክላክሱ እንደገና ጀመረ።