ባለ አንድ ዓይኗ ሙሽራ

የዘይት ቀለም አሣሣል ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጆቼን ያሳደግኩት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምግብ ቤትና የልብስ ሰፊ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው። መንግሥት ተለውጦ በየመንገዱ ዳር ሱቅ ሲከፈት ሥራዬ በዛ፤ እኔም ከፊደል አልፌ የሰው መልክ ልሣል ብዬ ተነሣሁ። ሰው ከተጋ የማይደርስበት የለም እያልኩ ልጆቼን ስገሥጽ ስለኖርኩ፣ ይህንንም በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልጌ ነበር።

መምህሬ ከአንድ ነጋዴ ለምኜ የወሰድኩት የካላንደር ገጽ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት የተሣለች አንዲት የፈረንጅ ሴት ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ በጎን ትታያለች። በገጹ ላይ በእርሳስ ትናንሽ ሳጥኖች አሠመርኩ፤ በሸራው ላይም ያንኑ በትልቁ። ከዚያ በየሳጥኑ ያለውን እየለካሁ ገለበጥኩ። መጀመሪያ ሁሉንም በቡናማ ቀባሁ፤ ሲደርቅ ብርሃኑን ጨመርኩበት። በተልባ ዘይት የተለወሰ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ያበላሸዋል። ክረምቱን ከዚያች ሴት ጋር አሳለፍኩ። ጉንጯ ከጨለማው ብቅ ሲል፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኮራሁ።

በዚያው ዓመት ትልቋ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ቡሬ አጠገብ ላለ የገበሬ ቤት ልጅ ታጨች። ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ቤተሰብ በሙሽራው ቤት በሚገናኝበት በቅልቅሉ ቀን ምስሏን ሥዬ ልወስድ ወሰንኩ። ለማያውቋት ሰዎች ክብሯን ያሳይልኛል ብዬ ነበር። እንደ ፈረንጇ ወደ መስኮት አዙሬ አስቀመጥኳት። አንገቷን እንዳመማት ስትነግረኝ ቻዪው አልኳት።

ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወሰድኩት፤ ምሳ ከተበላ በኋላ ዳሱ ውስጥ ገለጥኩት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ከሙሽራው ዘመዶች አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን አስቀምጠው፣ «አንዱን ዓይኗን እናንተው ዘንድ አስቀራችሁት እንዴ?» አሉ። ዳሱ በሳቅ ሞላ።

እኔም ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ማስረዳት ጀመርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ የሙሽራው አያት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣንም። ደጎቹ በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩን። ልጅቷ ምን በድላ ነው?» አሉኝ።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቋሪት ተወልጄ እነዚያን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ካላንደሩ ላይ ተተክዬ ስከርም ከልቤ ወጣ። ልጄ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ እኔም ሥዕሉን መልሼ ጠቀለልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከቡሬ ገበያ የተመለሰ ጎረቤት፣ ልጄን በባሏ መንደር «ባለ አንድ ዓይኗ ሙሽራ» እያሉ እንደሚጠሯት ነገረኝ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ፊት ለፊት ልሥላት አዲስ ሸራ ወጠርኩ። የፈረንጇን የአፍንጫ ጥላ ሳላይ እሥለዋለሁ፤ የልጄ ዓይን ግን ምን እንደሚመስል ጠፋኝ። በእኔ ቤት አባት ሲናገር ልጅ አንገቱን ይደፋል። ሥርዓቱ ዛሬም ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ያንን ሁሉ ዘመን አናቷን እንጂ ዓይኗን አላየሁም ነበር።

ሸራውን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። አያትየው ከደጃፉ ሆነው እያዩን ልጄ በርጩማ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቀና ብላ እንድታየኝ ነገርኳት። አመነታች።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ሲሥሉኝ እኔን ነበር የሚያዩት ወይስ ካላንደሩን?» አለችኝ።

«ካላንደሩን» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ብሩሹ ቀለም ነክቶ በእጄ ነበር። ዓይኔን ሰብሬ ቀድሜ ወደ መሬት ያየሁት ግን እኔ አባቷ ነኝ።